ያበጠው ይፈንዳ ብዬ ባትሪ የበጣሁ ዕለት

ሐኪም አትዋሹ። ሚስቱን መዋሸት የሚፈልግ የራሱ ጉዳይ ነው፤ እሱም ቢሆን እንደማያዋጣ ስታነቡ ታዩታላችሁ። ሐኪም ግን አትዋሹ። ይኼን የምለው አንድ ወር ሙሉ ከክሊኒክ ክሊኒክ እየዞርኩ፣ የሌለብኝን በሽታ ሁሉ እየተመረመርኩ፣ ያለብኝን በገዛ አፌ ደብቄ ትንፋሼ ሊቆረጥ ጥቂት የቀረኝ ሰው ስለሆንኩ ነው።

ስሜ አበራ ነው። ጎንደር ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይኼ ሠላሳ ዓመት የሚባል ነገር ጣጣ አለው። ካርድ የምታወጣው፣ መርፌ የምትወጋው፣ ራጅ የሚያነሣው ሁሉ ተማሪዬ ነበር። ባንክ ብገባ "ቲቸር"፣ ባጃጅ ብሳፈር "ቲቸር"። ክብር ነው፣ አልክድም። ግን ሰው በሞኝነቱ ሲታመም ተማሪው ባልሆነ ሐኪም መታከም ያምረዋል። እሱ ደግሞ ጎንደር ላይ ከየት ይምጣ?

መጀመሪያ የታመመው ላፕቶፑ ነው። ልጃችን ስታገባ ትታልን የሄደች ላፕቶፕ ናት፤ እኔ ለሰፈር ልጆች የጥናት ጥያቄ እጽፍባታለሁ፣ ባለቤቴ የሺ ድራማ ታይባታለች። የሆነ ሰሞን ሆዷ ተነፋ። ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ ወዲያ ወዲህ ትወዛወዛለች፣ ክዳኗ አይገጥምም።

"ምነው፣ ይቺ ነገር አረገዘች እንዴ?" አለች የሺ።

"ባትሪው አብጦ ነው።"

"እና ለጠጋኝ ስጣታ!"

"ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ለጠጋኝ?" አልኳት። በሽታው የጀመረኝ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት የሺ እድር ስብሰባ ሄደች። ብሎኖቹ እንዳይጠፉብኝ ትልቁን ትሪ አወጣሁ፣ ላፕቶፑን በሆዷ ገልብጬ አስተኛኋት፣ ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ክዳኑን አነሣሁ። ባትሪው እንደ ትራስ ተነፍቶ ተኝቷል። ከውስጥ የሚያገናኘውን ሶኬት ነቀልኩ፤ እስከዚህ ድረስ ማንም አይነቅፈኝም። ከዚያ ባትሪውን ላነሣ ብል ንቅንቅ አይልም። ለካ ከሥሩ በሙጫ ተለጥፏል! ቢላዋ አስገባሁበት፤ እምቢ። የሹካ እጀታ ሞከርኩ፤ እምቢ። ላብ አጠመቀኝ። እብጠቱ ደግሞ ይብሱን ለቢላዋው መግቢያ አሳጣኝ።

እዚህ ላይ አያ ሙሉን ላስተዋውቃችሁ። የየሺ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ናቸው። የበሬ ትከሻ ቢያብጥ፣ የሰው እግር ቢያብጥ፣ ምላጭ በእሳት ለብለብ አድርገው ጫር ነው፤ መግሉ ይወጣል፣ እብጠቱ ይሟሽሻል። "እብጠት ሳይበጣ አይድንም" የምትለው ቃላቸው ቤታችን ውስጥ ሕግ ናት። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ፊዚክስ በዚያች ደቂቃ የት እንደገባ እንጃ፣ የታወሱኝ አያ ሙሉ ናቸው። ውስጡ ያለው አየር ነው፤ አየሩ ከወጣ ይሟሽሻል፣ ከሟሸሸ ቢላዋው ይገባል፣ ቢላዋው ከገባ ይላቀቃል። ሒሳቡ ቆንጆ ነበር። የሺ ሰፌድ የምትሰፋበትን ወስፌ አመጣሁ።

"ያበጠው ይፈንዳ!" አልኩና ወጋሁት።

ፈነዳ።

ይቺን አባባል በዕድሜዬ ስንት ጊዜ ብያታለሁ፤ ለርዕሰ መምህር ብያታለሁ፣ ለቀበሌ ብያታለሁ፣ አንዴ ለአማቴም ብያለሁ። እንደ ቃሌ የሆነው ያን ቀን ብቻ ነው። መጀመሪያ "ሽሽሽ" አለ፣ ቀጥሎ ነጭ ጭስ፣ ወዲያው እሳት። አንድ የጋለ ነገር ከጆሮዬ ሥር እስከ ትከሻዬ ላጠኝ። እኔ ደግሞ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጎንበስ ብዬ እፍ አልኩበት። አዎ፣ እንደ ሻማ! እፍ ለማለት መጀመሪያ አየር መሳብ አለ፤ የሳብኩት በሙሉ ጭሱን ነው። ደረቴ ውስጥ በርበሬ የተበተነ መሰለኝ። እንደ ምንም ትሪውን ከነላፕቶፑ በጨርቅ ይዤ ግቢ ወጣሁና ለአጥር ሥራ የተረፈው አሸዋ ውስጥ ቀበርኳት። ከሠራሁት ሁሉ ትክክሉ ይኼ ብቻ ነበር፤ እሱንም ያደረግኩት ጉዱን ለመቅበር ነው።

መስኮት ከፈትኩ፣ ጠረጴዛ ጠረግኩ። ጭሱ ወጣ፣ ሽታው ግን ቀረ። የሚገርም ሽታ ነው፤ ጣፈጥ ያለ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል። የሺ ገና በሩ ላይ ቆማ አሸተተች።

"ማን መጥቶ ነበር?"

"ማንም።"

"ላፕቶፑስ?"

"ለጠጋኝ ሰጠሁት።"

"አንተ? ለጠጋኝ?" ቀረብ ብላ አንገቴን አየች። "ይኼስ ቅላት?"

"ፀሐይ ነው" አልኩ።

ቀይ አንገት፣ የጥፍር ቀለም ሽታ፣ ወለል ብሎ የተከፈተ መስኮት። ድራማ ለምታይ ሴት ይኼ ከበቂ በላይ ነው። "በስድሳ ሁለት ዓመትህ!" አለችና ነጠላዋን ወንበር ላይ ወርውራ ልጃችን ትተኛበት ወደነበረው ክፍል ገባች። እውነቱን ልንገራት ብዬ ተከተልኳት፣ በሩ ላይ ስደርስ ሳል ያዘኝ፣ ሳሉን ስጨርስ ወኔዬ አለቀ። ደግሞስ ምን ልበላት? የፊዚክስ መምህር ባትሪ በወስፌ በጣ?

በማግስቱ አንገቴ ላይ ውኃ የቋጠሩ ትናንሽ እብጠቶች ተሰለፉ። ሳሉ ደረቅ ነው፣ አይቋረጥም፤ ድምፄ ተሰነጣጠቀ። ሰኞ አያ ሙሉ ለገበያ ሲመጡ እኛ ዘንድ አረፉ። አንገቴን በጣታቸው ሳይነኩ እየዞሩ አዩት።

"አልማዝ ባለጭራ ነው" አሉ።

ለማያውቅ፣ አልማዝ ባለጭራ የምንለው በአንድ ጎን ብቻ እንደ ጭራ ተሰልፎ የሚወጣ፣ ውኃ የሚቋጥር፣ እንደ እሳት የሚያቃጥል የቆዳ በሽታ ነው። የኔም በአንድ ጎን ነው፣ ተሰልፏል፣ ያቃጥላል። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ! ራሴ ፈልጌ ያጣሁትን ስም የተከበረ ሰው ሰጠኝ።

"መሰለኝ ባይ ነኝ" አልኩ።

"አንገትህን ዞሮ ከገጠመ ይገድላል" አሉና ቅጠል ቀጥቅጠው፣ በቅቤ ለውሰው ለጠፉብኝ። በተቃጠለ ቆዳ ላይ ያ ነገር ሲያርፍ ያየሁትን ከዋክብት አልነግራችሁም። አያ ሙሉ ግን "ሸጋ ነው፣ እያወጣው ነው" እያሉ ጨመሩበት። የሺ ጥግ ላይ ቆማ ታያለች። በሽታ መሆኑን ስትሰማ ትንሽ ረገብ አለች፤ "የሽታውስ ነገር?" የሚለው ግን ዓይኗ ላይ አለ።

አንገቴ በኋላ በእግዜር ቸርነት ደረቀ። ሳሉ ግን ባሰ። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ "ጉንፋን ወርዶብዎት ነው" ብለው ኪኒን ሰጡኝ። ሳምንት ዋጥኩ፤ ምንም። ሁለተኛው ክሊኒክ ያለችው ልጅ ደረቴን አዳምጣ "ያፏጫል፣ አስም ይመስላል" አለች። ጭስ? አቧራ? ብላ ጠየቀችኝ። "የለም" አልኩ። "ቤት ውስጥ ድመት አለ?" አለች። ድመት አለች። ምስኪኗ ድመታችን በኔ ውሸት ተፈርዶባት በዘንቢል ሆና ለጎረቤት ተሰጠች፤ በየማለዳው አጥር ላይ ወጥታ እያየችኝ ትጮኻለች። እኔም አይቻት እስላለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ያለችውን አቀበት ሦስት ጊዜ ሳላርፍ መውጣት አቃተኝ። ትልቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ራጅ ተነሣሁ። ራጁ ላይ ጥላ ታየ። አክታ አምጣ ተባልኩ። እዚያ ወረፋ መጠበቂያ ላይ የደረሰብኝን ለጠላቴ አልመኝም። አግዳሚው ሙሉ ሰው ተቀምጧል፤ ከኮሪደሩ ጫፍ አንዲት ነርስ አየችኝና ደስታዋን መያዝ አቅቷት "ቲቸር! እንዴት ነዎት! አክታ አመጡ?" ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞረ። ወዲያው ደግሞ ሳሉ ጀመረኝ፤ አግዳሚው ላይ የነበረው ሰው እየተንፏቀቀ ሄዶ ጫፍ ላይ ተከመረ። ከአይከል የመጡ አንዲት እናት ብቻ ከጎኔ አልተነሡም። ፌስታላቸውን ፈተው ለብ ያለ ውኃ አቀበሉኝ።

"ምን አገኘዎ አባቴ?" አሉኝ።

ለሳቸው ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተማሪዬ አይደሉም፣ አያውቁኝም። ግን ያቺ ነርስ እዚያው ቆማለች። "ብርድ ነው" አልኩ።

"ሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም" የሚለው ወሬ ከኔ ቀድሞ ቤት ገባ። አያ ሙሉ በስልክ "ዕቃውን ለዩ" ብለው አዘዙ። የኔ ብርጭቆ፣ የኔ ሳህን፣ የኔ ማንኪያ ተለየ። የሺ ሳህኔን ስታስቀምጥ ትለሳለሳለች፣ ዞር ስትል ታለቅሳለች፣ ደግሞ ሽታው ትዝ ይላትና በሩን ጓ አድርጋ ትዘጋዋለች። አንድ ሌሊት ትንፋሼ መንገድ ላይ ቀረ፤ ሳብኩ፣ ሳብኩ፣ አልገባም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ በእውነት ፈራሁ። ሞቱን አይደለም የፈራሁት ልል ነበር፤ ውሸት፣ ሞቱንም ፈራሁ። ከዚያ በላይ የፈራሁት ግን ከሞትኩ በኋላ የሺ ዕድሜ ልኳን ያቺን የሌለች ሴት ስትፈልግ እንደምትኖር ሳስብ ነው። ጠዋት ከመንጋቱ ባጃጅ ጠርታ ሆስፒታል ወሰደችኝ፣ አልጋ ያዝኩ።

ዶክተር ምስጋናው ከኋላው አምስት ተለማማጅ ሐኪሞች አስከትሎ መጣ። ተማሪዬ ነበር፤ ከፊት ተቀምጦ እጅ ከሚያወጡት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቆመ። የሺ ከራስጌዬ ተቀምጣለች።

"ቲቸር፣ አክታዎ ላይ ምንም አልተገኘም። ራጁ ላይ ያለው ግን እየጨመረ ነው። አንዳንድ ቲቢ በአክታ አይታይም። የቲቢውን መድኃኒት ዛሬ እንጀምርና ስድስት ወር እንከታተልዎታለን። ከመጀመሬ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅዎ፤ ጭስ፣ ኬሚካል፣ የተቃጠለ ነገር አላጋጠመዎትም?"

አንዲቷ ተለማማጅ መልሴን ሳትጠብቅ መዝገቡ ላይ መጻፍ ጀመረች። ሰረቅ አድርጌ አየሁ፤ "የለም" ትላለች። ምን ታድርግ፣ በሄድኩበት ሁሉ የለም ብዬ ነበር። ስድስት ወር የሌለብኝን በሽታ መድኃኒት ልውጥ፣ ያለብኝ ውስጥ ውስጡን ሲጨርሰኝ ማንም አይደርስብኝም። የሺን አየኋት፤ ዓይኗ አብጧል።

"ሰርዢው" አልኳት ልጅቷን። ከዚያ ያለችኝን ትንፋሽ ሰብስቤ "ባትሪ በጣሁ" አልኩ።

ድምፅ የለኝም፤ የወጣው ሲር የሚል ትንፋሽ ነው። ዶክተር ምስጋናው ፊቱ ተለወጠ።

"ምን አሉ? ባትሪ ጠጡ?"

"ወይኔ!" ብላ ተነሣች የሺ። "ባትሪ ጠጣ! እኔ ነኝ የገደልኩት! በዚያ ሽታ ነዝንዤ ነዝንዤ ነው! ኧረ ሴትየዋ ትቅር፣ ማንም ትሁን ይቅር ብዬሃለሁ!"

"መቼ ነው የጠጡት? ምን ያህል?" ዶክተሩ ሆዴን ይጫናል፣ አንዱ ተለማማጅ ቱቦ ሊያመጣ ሮጠ፣ ሌላው አፍዎን ይክፈቱ ይለኛል። አይደለም ልል ስል ሳል፣ በጣሁ ልል ስል ሳል። በመጨረሻ ከልጅቷ እጅ እስክሪብቶ ነጠቅሁና መዝገቡ ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ "በጣሁ። በ 'በ' ነው እንጂ በ 'ጠ' አይደለም። የላፕቶፕ ባትሪ። በወስፌ።"

ዶክተሩ መዝገቡን ተቀብሎ አነበበ።

"በወስፌ?" አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

"በብረት ማለት ነው? ቲቸር፣ እርስዎ እኮ ያስተማሩን—"

"ያስተማርኩህን አውቃለሁ!" አልኩ። ለዚህች ድምፅ ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅም።

ተለማማጆቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። የሺ ተመልሳ ተቀመጠች። "ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር" አለች። "ሴት ብትሆን ለጎረቤት ይነገራል፣ አብሮኝ የሚያለቅስ አላጣም። ይኼን ማን ፊት አወራዋለሁ?" ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ትከሻዬን መታችኝ፣ በዚያው ነጠላ ዓይኗን ጠረገች።

ዶክተር ምስጋናው ነገሩን ሲያስረዳ ለተለማማጆቹም ለኔም ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ ሲፈነዳ ከጭሱ ጋር የሚወጣ ጋዝ አለ፤ እርጥብ ነገር ሲያገኝ አሲድ ይሆናል። ሳንባ ደግሞ እርጥብ ነው። የኔ ሳንባ ከውስጥ ተቃጥሎ ነው የቆየው፤ እነሱ ብግነት ይሉታል። መድኃኒቱም ሌላ ነው። ኦክስጅን አፍንጫዬ ላይ አደረጉልኝ፣ በጭንብል የሚሳብ መድኃኒት ሰጡኝ፣ ብግነቱን የሚያበርድ ኪኒን ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳላቋርጥ ተናገርኩ። "ድመቷን መልሱልኝ" የሚል ነበር።

የቲቢው መድኃኒት ሳይጀመር ቀረ። "በመጀመሪያው ቀን ቢነግሩን ኖሮ፣ ይኼ ሁሉ ባልመጣ" አለኝ ዶክተሩ ስወጣ። ሌላ ምንም አልጨመረም፤ ተማሪዬ ሳለ ቤት ሥራ ያልሠራ ቀን ከዚህ የባሰ እለው ነበር። አሁን አቀበቷን ሳላርፍ እወጣለሁ። ድምፄ እንደ ድሮው አልሆነም፤ የሰፈር ልጆች ሳስጠናቸው ጠጋ ብለው ይሰሙኛል፣ እሱም አልከፋም።

ከዳንኩ በኋላ ፒያሳ ጽጌ የምትባል ጠጋኝ ዘንድ ሄጄ፣ የሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ የተለጠፈ ባትሪ እንዴት እንደምታወጣ ቁጭ ብዬ አየሁ። ለሌላው እንዲጠቅም ያየሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ባትሪው ኃይሉ እስኪያልቅ ታሠራዋለች እንጂ የሞላ ባትሪ አትነካም። አጥፍታ ትከፍታለች፣ የባትሪውን ሶኬት ከሁሉ በፊት ትነቅላለች። ከዚያ በባትሪው ጠርዝ ዙሪያ ንጹሕ አልኮል ጠብ ጠብ ታደርግና እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች፤ ሙጫው ይላላል። እኔ ቢላዋ ባስገባሁበት ቦታ እሷ የጥርስ ማጽጃ ክር ታስገባለች፤ ሁለቱን ጫፍ ይዛ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ እያደረገች ሙጫውን ትቆርጠዋለች። መደገፍ ሲያስፈልግ ያረጀ የፕላስቲክ ካርድ ናት። ብረት የሚባል አጠገቡ አይደርስም፤ ባትሪውን አታጥፈውም፣ አትጫነውም።

"ያበጠ ሲመጣልሽስ?" አልኳት።

"ያበጠውን ቻርጅ አላደርግም፣ ኃይሉ ይለቅ ብዬም አላሠራውም። ደጅ አወጣዋለሁ፣ አሸዋ በባልዲ አጠገቤ አደርጋለሁ፣ በእጄ ካልተማመንኩ አልነካውም" አለች። "የሚበጣ አይደለማ ጋሼ!" ብላ ሳቀች። ስለኔ ሰምታ ይሁን እንዲያው ብላ፣ አልጠየቅኳትም።

ቤት ስገባ ያየሁትን ሁሉ ለየሺ ነገርኳት። "ግን ለምን እንዳበጠ ጽጌም አላወቀችም" አልኩ። "ሙቀት ነው ትላለች፤ ቻርጅ ላይ ሆኖ ለረጅም ሰዓት ሲሞቅ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ማን ያሞቀዋል?"

የሺ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች።

"ለፋሲካ ዝናብ ጥሎ ብርድ አልነበረም?" አለች።

"ነበር።"

"ሊጡ አልነሣ አለኝ። ላፕቶፗ ደግሞ ስትሠራ ሆዷ ይሞቃል። ቻርጀሯን ሰካሁና፣ ሊጡን ከነሳፋው ላይዋ ላይ አድርጌ በብርድ ልብስ ጠቀለልኳቸው። እስኪነጋ። ሲነጋ ሊጡም ተነሥቷል፣ እሷም ተነሥታለች።" ቢላዋውን አስቀመጠች። "ባትሪው አብጧል ካልከኝ ቀን ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳበጥኩት እያልኩ አልጋዬ ላይ እብሰለሰል ነበር። ልነግርህ አፈርኩ። ሴት አለች ብዬ መቆጣቱ ቀለለኝ።"

ያን ሁሉ ጊዜ እኔ አንዱን ክፍል፣ እሷ ሌላውን ክፍል ዘግተን፣ አንድ ባትሪ ለሁለት ደብቀን ኖረናል። ልቆጣት አሰብኩ። አልቻልኩም፤ እጇን ያዝኩት፣ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፣ የሁለታችንም ዓይን አለቀሰ፣ በሽንኩርቱ አመካኘን።

ይኼን ጽሑፍ ጨርሼ ሳነብላት እዚህ ላይ ስደርስ "የኔን አውጣው" አለች። ያንቺን ካወጣሁ የኔም ይውጣ አልኳት።

"እንግዲያ ተወው፣ ይግባ" አለች። "ግን ዳቦው ሸጋ ነበር ብለህ ጻፍልኝ።"

ዳቦው ሸጋ ነበር።